ከቆላ ነው የመጣሁት በል

ልጄ፣ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ደረሰህ ሲባል እናትህ አዞውን ፈራች። አዞው ጫሞ ሐይቅ ውስጥ ነው፤ ዶርም ድረስ አይመጣብህም። የምትመጣብህ የወባ ትንኟ ናት። ያደግህበት ደብረ ብርሃን ከፍታው ከ2,700 ሜትር ይበልጣል፤ አርባ ምንጭ 1,300 ገደማ ነው። የደጋ ልጅ ሰውነት ወባን ለምዶ አያውቅም። ቆላ ተወልዶ ያደገው ጓደኛህ በቀላሉ የሚገላገላት ወባ አንተን ልትጥልህ ትችላለች፤ እሱ ቆሞ ስላየኸው አንተም እቆማለሁ አትበል። አጎበሩንም እንደ መጋረጃ ጠቅልለህ አትስቀለው፤ ጫፉን ከፍራሹ ሥር ወሸቅ አድርገህ ተኛ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከጀመረህ በ24 ሰዓት ውስጥ ግቢው ክሊኒክ ሄደህ ደምህን ተመርመር። «ነገ ፈተና አለብኝ» ብለህ አታሳድረው። ፋልሲፓረም የሚሉት የወባ ዓይነት አንጎል ድረስ ሊዘልቅ ይችላል፤ ውሃም ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ዶርም ውስጥ ደግሞ ሐኪም አይጠፋም። አንዱ ግንባርህን ዳስሶ «ታይፎይድ ነው» ይልሃል፤ ሌላው አምና የተረፈውን አሞክሳሲሊን ከሻንጣው ይመዝልሃል። ፍቅራቸውን ተቀበል፣ ኪኒኑን መልስ። አሞክሳሲሊን ወባን አይነካትም። ማስታገሻውም ትኩሳቱን አውርዶ የዳንክ ያስመስልሃል እንጂ ደምህ ውስጥ ያለውን አያወጣውም።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ሲባል ብዙ ሰው ስለሚያሳፍር በሽታ ብቻ የተነገረ ይመስለዋል። እኔ አይመስለኝም። የዋጥከውን ኪኒን አለመናገርም መሸሸግ ነው፤ የመጣህበትን አገር አለመናገርም እንዲሁ። ቫይቫክስ የተባለው ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት፣ ከወራትም በኋላ ያገረሻል። ለእረፍት ወደ እኛ መጥተህ ትኩሳት ቢነሳብህ፣ የደጋ ሐኪም በዚያ ብርድ መሀል ሐሳቡ ቶሎ ወደ ወባ ላይሄድ ይችላል፤ ጉንፋን ነው ብሎ ቢሸኝህ አልፈርድበትም። እስኪጠይቅህ አትጠብቅ። «አርባ ምንጭ ነው የምማረው፤ ወባ ይዞኝ ያውቃል፤ ይህንና ይህን ወስጃለሁ» በለው። ፕሪማኩዊን ለ14 ቀን ከታዘዘልህም በአራተኛው ቀን ስለተሻለህ አትተወው፤ ጉበት ውስጥ የተኛውን የሚነቅለው እሱ ነው።

ሳልህ ሁለት ሳምንት ካለፈ ለቲቢ ተመርመር። በመንግሥት ጤና ተቋም ሕክምናው በነፃ ነው፤ ደግሞም በዚያች ጠባብ ክፍል አብረውህ የሚተነፍሱ ልጆች አሉ።

እንቅልፍ ሲርቅህ፣ ሰው ሲያስጠላህስ? «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይላሉ፤ አንተ ብቅሉን አትጠብቅ፣ ቀድመህ ለሐኪም ወይም ለግቢው አማካሪ ንገር። እናትህ ጠበል ትልሃለች። ሂድ፤ ኪኒን ታዝዞልህ ከሆነ ግን እየዋጥክ።

ፈተና ካመለጠህ የክሊኒኩን ወረቀት ሳታሳድር ለዲፓርትመንትህ አስገባ፤ ዘግይቶ ለሚመጣ ማስረጃ ሰሚው ጥቂት ነው። ማታ ቢብስብህ 907 ደውል፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ለዶርም ጓደኛህም የቤት ስልክ ስጠው። የእናትህን ሳይሆን የእኔን፤ እሷ «ታሟል» የሚለውን ከሰማች የሆስፒታሉን ስም ሳትጠይቅ ነው የምትዘጋው።