ታይሮድ በግቢ ውስጥ ሲቀየር

ታይሮድ የመሪውን ትእዛዝ ለፊት ጎማዎች የሚያደርስ የብረት ዘንግ ነው። ሹፌሩ መሪውን ሲያዞር በብዙዎቹ የቤት መኪኖች ከሞተሩ ሥር የተጋደመው ጥርሳም ዘንግ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይንሸራተታል፤ በሁለቱ ጫፎቹ የተያያዙት ታይሮዶችም ጎማውን የተሸከመውን ብረት ይገፉታል ወይም ይስቡታል። በእያንዳንዱ ታይሮድ የውጭ ጫፍ ግራሶ ውስጥ የተቀመጠች፣ በጎማ ሽፋን የታሸገች ክብ ኳስ አለች። ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣም ለመሪው እንዲታዘዝ የምታደርገው ይቺ ኳስ ናት፤ ብዙውን ጊዜ ቀድማ የምታልቀውም እሷ ናት።

ኳሷ በአንድ ሌሊት አታልቅም። መጀመሪያ የጎማ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የበጋው አቧራና የክረምቱ ጭቃ ይገባል፤ ግራሶው ታጥቦ ያልቅና ብረት ብረትን መፋቅ ይጀምራል። ኮብልስቶን ላይ ሲመላለስ ወይም ከአስፋልት ውጭ ሲሠራ የሚውል መኪና ላይ ይህ ሁሉ ይፈጥናል። ከዚያ በኋላ መኪናው ራሱ ይናገራል፦ በትንሽ ጉድጓድ ከፊት በኩል የሚንኳኳ ድምፅ ይሰማል፤ መሪው ትንሽ ዞሮ ጎማው አይከተለውም፤ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መኪናው አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ስለሚል ሹፌሩ እጁን ማሳረፍ አይችልም። የጎማው አንድ ጠርዝም ከሌላው ቀድሞ ይበላል። ብዙ ባለመኪና በዚህ በመጨረሻው ምልክት ይታለልና ጎማ ይገዛል። ምክንያቱ ስላልተነካ አዲሱ ጎማም በዚያው ጠርዝ ተበልቶ ያልቃል፤ የአንድ ታይሮድ ዋጋ የቆጠበው ሰው የሁለት ጎማ ዋጋ ይከፍላል።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበው ግን ድምፁን መልመድ ነው። ለጥቂት ቀን ያስጨንቃል፤ ከዚያ ጆሮ ይለምደዋል፤ ሬዲዮውን ከፍ የሚያደርግም አይጠፋም። ያለቀችው ኳስ ከቤቷ የወለቀች ዕለት አንደኛው ጎማ ከመሪው ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል፤ ወደ ፈለገበት ይታጠፋል፤ መሪው በሹፌሩ እጅ ባዶውን ይዞራል። ይህ ቁልቁለት ላይ ወይም እግረኛ በበዛበት መታጠፊያ ላይ ሲሆን የሚከተለውን መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ የላላ ታይሮድ ወር የሚጠብቅ ሥራ አይደለም። ጥገናም የለውም። በቆርቆሮ ማጥበቅ፣ መበየድ፣ በተቀደደው ሽፋን ግራሶ ጠቅጥቆ ዓመታዊውን ምርመራ ማለፍ፣ ይባስ ብሎም በዚያው ሁኔታ መኪናውን ለሌላ ሰው መሸጥ ችግሩን ከራስ ወደ ማያውቀው ሰው ማሻገር እንጂ ብልጠት አይደለም።

የትኛው ክፍል እንዳለቀ ሳያረጋግጡ መፍታት ደግሞ ሌላው ስህተት ነው። ቀላሉ መንገድ መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ አንድ ሰው መሪውን በትንሹ ግራና ቀኝ ሲያወዛውዝ ሌላው ጎንበስ ብሎ መገጣጠሚያውን ማየት ነው፤ ዘንጉ ተንቀሳቅሶ ጎማው ከዘገየ ኳሷ ላልታለች። ቀጥሎ ጎማው ከመሬት ተነስቶ ግራና ቀኝ ጎኑን ይዞ መወዝወዝ ይቻላል። ጎማው ከላይና ከታች ሲያዝ ብቻ የሚወዛወዝ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ኩሽኔታው ወይም ወደ ቦል ጆይንቱ ያመራል፤ ታይሮድ መግዛት አያስፈልግም። የውጭው ጫፍ ደህና ሆኖ ልልነቱ ከውስጠኛው መጋጠሚያ ከሆነም ሥራው ለጋራዥ ቢተው ይሻላል፤ እሱ የራሱ መፍቻ ይፈልጋል፣ በጥርሳሙ ዘንግ ጫፍ ያለውን የጎማ ሽፋንም ማውለቅ ያስፈልጋል። የውጭውን ጫፍ ግን ትዕግስት ያለውና ዕቃ የተሟላለት ሰው በግቢው ውስጥ በግማሽ ቀን ሊቀይረው ይችላል።

ዕቃው ሲገዛ፣ የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራም ይሁን ሌላ ቦታ፣ አሮጌውን ናሙና ወይም የመኪናውን ሞዴልና ዓመተ ምሕረት ይዞ መሄድ ተገቢ ነው። በአንዳንድ መኪኖች የግራውና የቀኙ አይመሳሰሉም። ኳሷ በእጅ ስትንቀሳቀስ ጠንከር ብላ በእኩል ኃይል መዞር አለባት፤ እንደ ልብ የምትወላወል ከሆነች አዲስ ተብላ የቀረበች አሮጌ ናት።

በሥራው ላይ የሰው ሕይወት የሚጠፋው በታይሮዱ ሳይሆን በክሪኩ ነው። ክሪክ ያነሳል እንጂ አይሸከምም። መኪናው ደልዳላ ጠንካራ መሬት ላይ ይቁም፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ የኋላ ጎማዎች በሁለቱም በኩል ታኮ ይደረግላቸው፤ የጎማ ቡሎኖች ጎማው ሳይነሳ በፊት ይላላሉ። ከተነሳ በኋላ ክብደቱ በብረት ስታንድ ላይ ያርፋል። በሸክላ ወይም በብሎኬት የተደገፈ መኪና ሥር ገብቶ መዶሻ መምታት ድፍረት ሳይሆን ቂልነት ነው፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል።

ጎማው ከወለቀ በኋላ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ተረጭቶ ሩብ ሰዓት መታገስ ያዋጣል። ከማንኛውም መፍታት በፊት ታይሮዱ ከመቆለፊያው ዳዶ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ ርዝመቱም በሚሊሜትር ይለካ። ከዚያ መቆለፊያው ዳዶ በሩብ ዙር ያህል ብቻ ይላላል። አናቱ እንደ ዘውድ የተሰነጠቀው የኳሷ ዳዶ በውስጡ ያለችው የሽቦ ሚስማር ከወጣች በኋላ ይፈታል፤ ነገር ግን ወዲያው ሙሉ በሙሉ አይወልቅም፣ ጥቂት ጥርስ ላይ ይቀራል። ኳሷን ለማላቀቅ የሚመታው የኳሷ ዘንግ ጫፍ ሳይሆን እሱን የያዘው ብረት ጎን ነው፤ ሁለት ሦስት ጠንካራ ምት ሾጣጣውን መቀመጫ ያላቅቀዋል። ማላቀቂያ መሣሪያ ያለው በእሱ ቢጠቀም የተሻለ ነው። አንዳንዴ ዳዶው ሲፈታ ኳሷ አብራ ትዞራለች፤ ያኔ ከሥር በክሪክ በትንሹ ገፋ ማድረግ ይይዛታል።

አሮጌው ጫፍ ሲፈታ ስንት ሙሉ ዙር እንደዞረ መቆጠር አለበት፤ አዲሱም በዚያው ቁጥር ይገባል። መሃል ላይ ማስተካከያ ቱቦ ባላቸው አሮጌ የመስክ መኪኖች አንደኛው ጫፍ ግራ ጥርስ መሆኑን ማስታወስ ጥርሱን ከመብላት ያድናል። የኳሷ ዳዶ የሚጠብቀው በመኪናው መመሪያ ልክ ነው፤ በብዙ ትናንሽ መኪኖች 50 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። የሽቦዋ ቀዳዳ ከዳዶው ስንጥቅ ጋር ካልገጠመ ዳዶው ትንሽ ይጨመርበታል እንጂ አይላላም። የድሮዋን ሽቦ ቀጥ አድርጎ መመለስም አይገባም። አንዴ የታጠፈች ሽቦ ደግማ ስትታጠፍ ልትሰበር ትችላለች፤ አዲሷ ደግሞ ከታይሮዱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት አይደለችም።

ብዙ ሰው ሥራውን እዚህ ያቆማል፤ ትልቁ ጥፋትም ይኸው ነው። ዙር መቁጠርና ርዝመት መለካት መኪናውን የጎማዎች አቅጣጫ በመሣሪያ እስከሚስተካከልበት አላይመንት ቤት የሚያደርስ ግምት እንጂ ልክ አይደለም፤ አዲሱ ጫፍ ከአሮጌው በሚሊሜትር ሊያጥር ወይም ሊረዝም ይችላል። ጥርሱ በአንድ ዙር 1.5 ሚሊሜትር የሚሄድ ቢሆን የግማሽ ዙር ስህተት 0.75 ሚሊሜትር ነው፤ ትንሽ ይመስላል። ታይሮዱ የሚገፋው ክንድ 13 ሴንቲ ሜትር፣ ጎማው ደግሞ በዲያሜትር 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ያቺው ስህተት በጎማው የፊትና የኋላ ጠርዝ መካከል ከ3 ሚሊሜትር በላይ ትሆናለች። አምራቾች የሚፈቅዱት ልዩነት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነው። እንዲህ የተጣመመ ጎማ በየሜትሩ አስፋልቱን እየፋቀ ይሄዳል፤ ጎማውም ከጊዜው በፊት ይላጫል። ለሠራተኛ የሚከፈለውን በራስ እጅ ማዳን መልካም ነው፤ የአላይመንትን ክፍያ ማዳን ግን ሥራውን ከግማሽ መተው ነው።

ወደ አላይመንት ቤት የሚደረገው ጉዞ አጭርና ዝግ ያለ መሆን አለበት። ከግቢ ሳይወጡ መሪው እስከ ጥግ ግራና ቀኝ ይዞር፤ የሚነካካ ነገር ካለ ያኔ ይታያል። የጎማ ቡሎኖች ጎማው መሬት ከነካ በኋላ በተቃራኒ ጥንድ ጥንድ ይጠብቃሉ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ደግሞ እንደገና ይፈተሻሉ። መሪው ቀጥ ብሎ መኪናው ወደ ጎን የሚሄድ ከሆነ ወይም ከታጠፈ በኋላ መሪው በራሱ የማይመለስ ከሆነ መኪናው ቆሞ ሥራው ይታይ። አላይመንቱ እስኪስተካከል ድረስም መኪናውን ለጎረቤት ማዋስ፣ ልጆችን ትምህርት ቤት ማድረስ ወይም ተሳፋሪ መጫን አይገባም።