የማይሰማ ዱላ
(ምሳሌ 23፥29-35)



በዚህ ክፍል ያለው ሰካራም ሲደበደብ አይታወቀውም። ሲነቃ ደግሞ ያንኑ መጠጥ ይፈልጋል። ውስኪም እንዲህ ነው የሚመታው። ብዙው ውስኪ 40 ከመቶ አልኮል ነው፤ ጉበት ግን እየተጎዳም ዝም ይላል። ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሆድ ሲነፋ ነው የምናውቀው። እዚህ ካኩማ ውስኪ ከየት ይመጣል አትበሉ። ራሽን ተሽጦ ቻንጋና አረቄ ይገዛ የለ? ጉበት የጠርሙስ ወረቀት አያነብም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ አንድ ጎረቤቴ ንስሐ ገባና "ወንጌላዊ፣ ምን ላድርግ?" አለኝ። "ዛሬውኑ ጠርሙሱን ስበር፣ እምነት ካለህ ይበቃሃል" አልኩት። ሰበረው። በማግስቱ እጁ ተንቀጠቀጠ። እኔ መንፈስ ነው ብዬ ጸለይኩ። በሦስተኛው ቀን ሌሊት አንቀጥቅጦ ጣለው፤ በእጅ ጋሪ ገፍተን ክሊኒክ አደረስነው። ሐኪሙ ሰውነቱ መጠጡን ስለለመደ ነው አለን። እንዲህ ያለ ሰው በአንዴ ብቻውን አያቆምም፣ አስቀድማችሁ አምጡት አለ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ።

ደጉ ሳምራዊ ቁስሉን አሰረለት፣ በራሱ አህያ ላይ አስቀምጦም ወሰደው (ሉቃስ 10)። ወይኑም ለቁስል ነበር። የሚጠጣ ባል ወይም ወንድም ያላችሁ፣ ሲተው ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበው፣ የሌለ ነገር ካየ፣ እየጸለያችሁ ውሰዱት። ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሱኝ፤ ጋሪው የሚያድረው እኔ ደጅ ነው።