ሲጋር ልትጀምር ነው አሉ

ስማኝ የእህቴ ልጅ፤ ተው ብልህ ደስ ባለኝ፤ ግን እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። በልጅነታቸው ወደ ኩባ ተልከው የወጣቶች ደሴት ላይ ከተማሩት አንዱ ነኝና፣ ነገሩን ከምንጩ አይቼዋለሁ። ካልቀረልህ አያያዙን ዕወቅበት፤ አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ይባል የለ?

የጀማሪ ዓይን ወፍራሙና ጠቆር ያለው ላይ ያርፋል፤ ፎቶ ላይ ያምራላ! ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኸው ነው። በባዶ ሆድ ወፍራም ሮቡስቶ የጀመረ ሰው ግማሹ ላይ ሳይደርስ ላብ ያጠምቀዋል፣ ያጥወለውለዋል። መጀመሪያ ብላ። ከዚያ ትንሹን ምረጥ፤ 129 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ፔቲት ኮሮና ይበቃሃል። ውፍረቱ 42 ነው ሲሉህ አትደንግጥ፤ የሚለካው በኢንች 64ኛ ስለሆነ ወደ 17 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። በቀለሙም አትታለል። ክብደቱን በዋናነት የሚወስነው ካፓ የሚሉት የውጭ ልባስ ሳይሆን ውስጥ የተጠቀለለው ቅጠል ነው፤ ከተክሉ አናት የሚለቀመው፣ ፀሐይ የጠገበው ሊሄሮ ከበዛበት ይከብዳል። ከኩባዎቹ ኦዮ ዴ ሞንቴሬይ ለስለስ ይላል፤ ፓርታጋስን ለኋላ አቆየው።

ስትገዛ በሁለት ጣትህ ቀስ ብለህ ጫን አድርገው። ከተንኮሻኮሸ ደርቋል፤ ከለሰለሰና ተመልሶ ካልተነሳ እርጥበት በዝቶበታል። ደህና ሻጭ ከ65 እስከ 70 በመቶ በሆነ እርጥበት ያስቀምጠዋል። ወዳጅህ ከሀቫና ጎዳና መስታወት ክዳን ባለው ሳጥን ኮሂባ ገዝቶ ቢያመጣልህ አመስግነህ ተቀበል፤ ሐሰተኛ መሆኑን ግን ዕወቅ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ቆቡን ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ቁረጥ፤ ካለፍክ ልባሱ ይተረተራል። የቤንዚን ላይተር ሽታውን ያወርሰዋል፤ ጋዝ ወይም ረጅም ክብሪት ይሻላል። ነበልባሉን ሳታስነካ ጫፉን እያዞርክ አሙቀው፤ ዳር ዳሩ ሲቀላ ሳብ አድርገው። ጢሱን አፍህ ውስጥ ያዝ አድርገህ ልቀቀው እንጂ ወደ ሳንባህ አታስገባው፤ ሲጋራ አይደለም። በደቂቃ አንዴ ይበቃል። ቶሎ ቶሎ ከሳብከው ይግልና ይመርርሃል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። አመዱን ደግሞ በየደቂቃው አታራግፈው። ሲበቃህ አትደፍጥጠው፤ ተወው፣ ራሱ ይጠፋል። የተደፈጠጠ ሲጋር ሽታው ከመጋረጃ አይለቅም።

የት እንደምታጨስም አስብ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው፤ ከ21 ዓመት በታች ላለም አይሸጥም። እናትህ ቤት ደግሞ አዋጅም አያስፈልግም!

ሳንባህ አልገባም ብለህ ግን አትኩራራ፤ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ከሲጋርም ይመጣል። በዓመት በዓል አንድ፣ ከዚያ አትለፍ። ኮሂባ መጀመሪያ የተጠቀለለለት ፊደል ካስትሮ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1985 ሲጋር አቁሟል።