ሳያንኳኳ የገባ ዓይን

ባለፈው ረመዳን ነው። ከተራዊሕ ወጥተን ወደየቤታችን ስንበታተን አንድ ጎረቤቴ ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝና «አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ እስቲ ይህን ምረጥልኝ» ብሎ ስልኩን ዘረጋልኝ። በዚያው ወር በሰፈራችን ሁለት ቤቶች፣ ባለቤቶቻቸው መስጊድ በነበሩበት ሰዓት ተዘርፈው ነበር። አሜሪካ የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ለዒድ ሲመጣ ገመድ አልባ የቤት ካሜራ ይዞለት ሊመጣ ቃል ገብቶለታል። «የቱን ልበለው?» ነው ጥያቄው።

መለስኩለት፤ ያውም በኩራት። ምስሉ የጠራ፣ በጨለማ የሚያይ፣ ባትሪው ወራት የሚቆይ ይሁን አልኩት። መብራቱን፣ የበሩን ቁልፍና ማንቂያ ደወሉን በአንድ ስልክ ከሚያሳዝዘው ስማርት ሆም ከሚባለው ሥርዓት ጋር የሚግባባ መሆኑንም እንዲያጣራ ነገርኩት። ዋጋም አነጻጸርኩለት። ካሜራው መጣ፤ አንዱ በውጭ በር ላይ፣ ሌላው ሳሎን ውስጥ ተሰቀለ። ሌባ አልመጣም፤ አልሐምዱ ሊላህ። የመጣው ሌላ ነገር ነው።

ከዒድ በኋላ ወንድምየው ወደ አሜሪካ ተመለሰ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደውሎ «ዛሬ ቡና የሚፈላው ለማን ነው? ሲኒው በዝቷል» ብሎ ቀለደ። ስልኩን ያነሳችው የጎረቤቴ ባለቤት ነበረች። ለካ ካሜራውን አስተካክሎ ያስጀመረው እሱ ስለነበር አካውንቱ የተከፈተው በእሱ ኢሜይል ነው። ሳሎኑ ከነነዋሪዎቹ ቀንም ሌሊትም በእሱ ስልክ ውስጥ ነበር። የባል ወንድም ለሚስት አጅነቢ መሆኑን ለዚህ ገጽ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ልጁ ክፋት አላሰበም፤ ያደገበት ሳሎን ናፍቆት ነው። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በገዛ ሳሎኗ ሒጃቧን አላወለቀችም። ላለፉት ሦስት ሳምንታት ምን ለብሳ፣ ምን ስትል፣ እንዴት ተቀምጣ እንደታየች እያሰበች እንቅልፍ ማጣቷን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት።

በዚያው ሰሞን ከበሩ ፊት ለፊት የሚኖሩ አንዲት እናት መንገድ ላይ አስቆሙኝ። «ልጄ፣ ያቺ በበሩ ላይ ያለችው ነገር እኔንም ታየኛለች እንዴ?» አሉኝ። እኒህ እናት ዉዱእ የሚያደርጉት ግቢያቸው ውስጥ ካለው ቧንቧ ነው፤ አጥራቸው ደግሞ ዝቅ ያለ ቆርቆሮ ነው። ሄጄ በጎረቤቴ ስልክ ላይ አየሁ። ካሜራው የራሱን በር በምስሉ ታች ጠርዝ ላይ ብቻ ይዞ፣ መንገዱን፣ የእናትየውን በርና የግቢያቸውን እኩሌታ አፍኖ ይዞታል። ድምፃቸውንም ጭምር። በማግስቱ አጥራቸው ላይ ሸራ ወጥረው አየሁ።

ነገሩን ሳስበው ስህተቱ የኔ ነበር። ጎረቤቴ ዓይን እንድመርጥለት ሲጠይቀኝ ዓይኑ ምን ያህል እንደሚያይ ነገርኩት እንጂ ዓይኑ የማን እንደሆነ አልጠየቅኩለትም። የሚሸጡትም ሰዎች የሚነግሩን የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የምስሉ ጥራት፣ የባትሪው ዕድሜና «ከእነ እገሌ ጋር ይሠራል» የሚለው ቃል ነው። ምስሉ ከካሜራው ወጥቶ የት እንደሚያድር ግን በትንንሽ ፊደል እንኳ ለማግኘት ይቸግራል።

ኢስላም የቤትን ነገር በቀላሉ አላየውም። በሱረቱ ኑር 27ኛው አንቀጽ ላይ አማኞች ወደ ሰው ቤት ሳያስፈቅዱና ሰላምታ ሳያቀርቡ እንዳይገቡ ታዘዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ቀዳዳ አንድ ሰው አጮልቆ ባያቸው ጊዜ እንዴት እንደተቆጡ በቡኻሪ ሐዲስ ተዘግቧል። ማስፈቀድ የተደነገገው በዓይን ምክንያት መሆኑንም ያን ጊዜ ነው ያስረዱት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሰውየው እግሩን አላስገባም፣ እጁን አልዘረጋም፣ ምንም አልሰረቀም። የገባው ዓይኑ ብቻ ነው። በዚህ ሚዛን ከሄድን አንድ ካሜራ ሳሎን ውስጥ ሲሰቀል በሱ በኩል የሚያየው ሰው ሁሉ ቤት ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ታዲያ ስንቱ ነው ያንኳኳው?

ሩቅ ሳንሄድ የታወቁትን ጉዳዮች እንይ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 የአማዞን ንብረት በሆነው ሪንግ በተባለው የካሜራ ኩባንያ ላይ ባቀረበው ክስ፣ አንድ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ2017 ለወራት በመኝታና በመታጠቢያ ክፍሎቻቸው ውስጥ ካሜራ ያስቀመጡ ሴቶችን በሺዎች የሚቆጠሩ ምስሎች ሲመለከት እንደነበር ገልጿል። ኩባንያው በ5.8 ሚሊዮን ዶላር ጉዳዩን ዘግቷል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ደግሞ በሚሲሲፒ ግዛት አንድ የማይታወቅ ሰው በስምንት ዓመት ሕፃን መኝታ ክፍል ያለውን ካሜራ ሰብሮ ገብቶ ከልጅቷ ጋር ሲነጋገር ተገኝቷል። በሌላ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024፣ የዋይዝ ካሜራ 13 ሺህ ለሚሆኑ ደንበኞቹ የሌላ ሰው ቤት ምስል በስህተት አሳይቷል። ዩፊ የተባለው ደግሞ ምስሉ ከቤት አይወጣም እያለ ሲሸጥ ቆይቶ፣ አንዳንዱ ምስል ወደ ኢንተርኔት ሰርቨር ይላክ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ተጋለጠ።

እነዚህን የጠቀስኩት አንዱን ማርካ አውርጄ ሌላውን ለመስቀል አይደለም። የመጀመሪያው ጉዳይ በሠራተኛ ብልግና፣ ሁለተኛው በይለፍ ቃል ድክመት፣ ሦስተኛው በቴክኒክ ስህተት፣ አራተኛው ቃልን ባለማክበር የመጡ ናቸው። ምክንያታቸው ቢለያይም በአራቱም ምስሉ ከቤቱ ባለቤት እጅ ወጥቶ ነበር፣ ወይም ከውጭ ሆኖ ቤቱን የሚከፍት በር ነበረ። ስለዚህ መራጩ መጀመሪያ ሊያጣራው የሚገባ ምስሉ በቤት ውስጥ በሚሞሪ ካርድ ወይም በቤት ባለ መቅጃ ላይ ይቀመጥ እንደሆነ፣ አለዚያም ወደ ኩባንያው ሰርቨር ይሄድ እንደሆነ ነው። የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ይጠይቅ። የአፕል ሆምኪት፣ ለምሳሌ፣ ምስሉን በቤት ውስጥ ባለ መሣሪያ ከመረመረ በኋላ አፕል ራሱ እንኳ ሊከፍተው በማይችል ምስጠራ ቆልፎ ይልከዋል። ሪንግም እንዲህ ያለ ምስጠራ አለው፤ ነገር ግን ባለቤቱ ራሱ ፈልጎ ካላበራው አይሠራም። ስንቱ ያበራዋል?

ለእኛ አገር ሰው ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ፣ ምስሉን ባሕር ማዶ የሚያስቀምጥ ካሜራ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጌጥ ብቻ ነበር። ሰው ለቤቱ ይበልጥ በሚፈራበት ጊዜ የማይሠራ ጠባቂ ምን ዋጋ አለው? ወርኃዊ ክፍያውም በዶላር መሆኑን አልረሳሁም።

ስለ ስማርት ሆሙም አንድ ቃል ልበል። ቀድሞ አንዱ ኩባንያ የሠራው ካሜራ ከሌላው መተግበሪያ ጋር አይግባባም ነበር። ኩባንያዎቹ ተስማምተው ማተር የተባለውን የጋራ መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2022 አወጡ፤ ካሜራ ግን በመስፈርቱ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 ነው። ይህ ለገዢ መልካም ዜና ነው። ይሁን እንጂ መግባባት ማለት ምስሉ የት እንደሚያድር መናገር ማለት አይደለም። ካሜራው ከብዙ ሥርዓት ጋር በተያያዘ ቁጥር በሩም ይበዛል፤ ስልኩን የያዘ ልጅ፣ የድምፅ ማዘዣውን የሚያናግር እንግዳ፣ አካውንቱን የከፈተ ወንድም፣ ሁሉም ቁልፍ አላቸው።

«ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?» የሚል አይጠፋም። እኔንም አንድ ወዳጄ ይህንኑ ብሎኛል። የኸሊፋ ዑመርን (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው ያስታወስኩት። በሌሊት ሲዘዋወሩ በአንድ ቤት ውስጥ ነውር ጠርጥረው በአጥር ዘለው ገቡ ይባላል። ሰውየው እኔ አንድ ጊዜ ጥፋት ሠርቼ ከሆነ እርስዎ ሦስት ሠርተዋል አላቸው፤ ሰልለዋል፣ በበር ሳይሆን በአጥር ገብተዋል፣ ሳያስፈቅዱና ሰላም ሳይሉ መጥተዋል። ዑመርም ትተውት ወጡ። ልብ በሉ፣ ሰውየው ንጹሕ አልነበረም። ንጹሕ አለመሆኑ ግን የዑመርን መግባት ትክክል አላደረገውም። ጎረቤታችን እናት ደግሞ ምን ጥፋት ነበረባቸውና ነው በሸራ የተከለሉት?

በእንግሊዝ አገር ይህ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 በኦክስፎርድ አንድ ዳኛ፣ ሌባ ለመከላከል ብሎ ካሜራና ባለካሜራ የበር ደወል የሰቀለ ሰው የጎረቤቱን የግል መረጃ መብት ጥሷል ሲሉ ወሰኑ። ከምስሉ ይልቅ የከበዳቸው ድምፁ ነበር፤ መሣሪያው ከበሩ ርቆ የሚደረግ ንግግር ይቀዳ ነበርና። በእኛም አገር በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መብት አስፍሯል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ጎረቤት ጎረቤቱን በአዋጅ ይክሰስ ማለቴ አይደለም፤ ቡና እየተጠራሩ የሚኖሩ ሰዎች ፍርድ ቤት ከደረሱ ነገሩ ድሮም ተበላሽቷል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የሠራተኛዋ ነገር ነው። በሱረቱ ኑር 58ኛው አንቀጽ አገልጋዮችና ለአቅመ አዳም ያልደረሱ ልጆች እንኳ ሳይቀሩ በሦስት ጊዜያት ሳያስፈቅዱ እንዳይገቡ ታዟል፤ ከፈጅር በፊት፣ በቀትር ልብስ በሚወልቅበት ሰዓት፣ ከዒሻእ በኋላ። የቤቱ ሰው ገላው ተገልጦ የሚያርፍባቸው ሰዓታት ናቸው። ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጧል። በብዙ ቤት የቤት ሠራተኛዋ የምትተኛው ሳሎን ወይም ማድ ቤት ነው፤ ካሜራውም የሚሰቀለው እዚያው ነው። በገልፍ አገሮች ያሉ እህቶቻችንም ይህንኑ ኑሮ ያውቁታል። ሰውነቷን የምትታጠብበት እንጂ ልብሷን የምትቀይርበት፣ ፀጉሯን የምትበጥርበት፣ አልቅሳ ዓይኗን የምትጠርግበት ጥግ የላትም። አሠሪዋ «ለልጆቼ ደኅንነት ነው» ይላል፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። ልጅን መጠበቅ ግዴታ ነው፤ ንብረትን መጠበቅም ሸሪዓ ከሚጠብቃቸው አምስቱ ነገሮች አንዱ ነው። ካሜራ ክልክል ነው የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ነገር ግን ካሜራ መኖሩን ነግሯታልን? የሚያየው ማን እንደሆነ፣ ምስሉ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ መቼ እንደሚጠፋ ታውቃለችን? ያልነገራት ከሆነ ካሜራው ሌባ አይጠብቅም፤ ይሰልላል። መሰለልን ደግሞ ሱረቱል ሑጁራት በ12ኛው አንቀጹ በግልጽ ከልክሏል።

የሚገርመው፣ የተፈራው ስማርት ሆም ራሱ ለዚህ መላ አለው። የቤቱ ሰው ስልክ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ሲገናኝ የውስጡ ካሜራ እንዲጠፋ፣ ሁሉም ሲወጡ እንዲበራ ማዘዝ ይቻላል። በሰዓትም መወሰን ይቻላል፤ እነዚያን ሦስት ጊዜያት ጨምሮ። ሠራተኛዋ ቤት ውስጥ ካለች ግን የእሷም ስልክ ከቤተሰቡ ጋር መቆጠር አለበት፤ ይህን የሚያስብ አላየሁም። በውጭ ባለው ላይ ደግሞ የጎረቤት ግቢ የሚታይበትን የምስሉን ክፍል በጥቁር መሸፈን፣ ድምፁን መዝጋት የሚያስችሉ ብዙ ካሜራዎች አሉ። እኔ ስመርጥ እነዚህን አንዱንም አልጠየቅኩም።

ባለፈው ጁሙዓ ከጎረቤቴ ጋር ተቀምጠን የተበላሸውን ለማስተካከል ሞከርን። አካውንቱ በባለቤቱ ፈቃድ በባልና ሚስቱ ስም ዞረ፤ ወንድምየው ከአሜሪካ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ፣ እሷም ይቅር አለችው። የይለፍ ቃሉ ተለወጠ፤ በሁለተኛ ማረጋገጫም ተቆለፈ። የሳሎኑን ካሜራ እሷ ራሷ ነቅላ ሳጥኑ ውስጥ መለሰችው፤ ጎረቤቴ «ስንሄድ እንኳ እንስቀለው» ቢል «ስንሄድ በር እንቆልፋለን» አለችው። የውጭው ዝቅ ብሎ ወደ በሩ እንዲያይ ተደረገ፤ የተረፈው የእናትየው ግቢ በጥቁር ተሸፈነ፤ ድምፁ ተዘጋ። ከዚያም ሁለታችን መንገዱን ተሻግረን እናትየውን ይቅርታ ጠየቅን፤ ስልኩንም አሳየናቸው።

እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው በጥሞና ተመለከቱ። ጥቁሩን አዩ። አውፍ ብለናል አሉን። ከዚያ እኔን ቀና ብለው አይተው «ድምፁን ዘግተነዋል ትላለህ፤ ልጄ፣ አንተንም አምንሃለሁ። ዛሬ የዘጋኸውን ነገ ሌላ ቢከፍተው ግን እኔ በምን አውቃለሁ?» አሉኝ።

ሸራው ይህን ስጽፍ እንደተወጠረ ነው።