«አትጨነቁ» የተባለው ለማን ነው?



በዚህ ሳምንት የምናሰላስለው በየቤቱ የምንሰማውን አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው በጸሎት ሰዓት አይነሳም። ጸሎቱ አልቆ፣ ሰው ጫማውን እያደረገ፣ በር ላይ ቀስ ብሎ ነው የሚጠይቀው። «ጌታ አትጨነቁ ብሏል። እኔ ግን እጨነቃለሁ፤ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ታድያ እምነት የለኝም ማለት ነው?» ይላል።

ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። እዚህ ካኩማ የሚጨነቅ ሰው ያለ ምክንያት አይጨነቅም። ካምፑ የተከፈተው በ1992 ነው። ያኔ ልጅ ሆነው የገቡ ዛሬ የልጆች አባትና እናት ናቸው። በ2025 መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ መንግሥት ስደተኛ መቀበል ሲያቆም፣ ሜዲካል ጨርሰው በረራ ሲጠብቁ የነበሩ ቤተሰቦች ባሉበት ቀሩ። በዚያው ዓመት ራሽን ተቀነሰ፤ ቀጥሎም ሰዉ በካታጎሪ ተከፋፈለ። አንዱ ቤት የተወሰነ ያገኛል፣ አጥሩን የሚጋራው ቤት ደግሞ ያነሰ ያገኛል ወይም ምንም አያገኝም። ከአገር ቤት ስልክ ሲደወል እንኳ ከደስታው በፊት ድንጋጤው ይቀድመናል። እንዲህ ላለ ሰው «አትጨነቅ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ሰምቶ መኖሩ ነው ከባዱ።

እስቲ ከቃሉ እንጀምር። እኛ በአማርኛ የተጨነቀ ሰው ስናይ «ሐሳብ ገብቶታል» እንላለን። ልናጽናናው ስንፈልግ ደግሞ «አይዞህ፣ አታስብ» እንለዋለን። በአፋችን ማሰብና መጨነቅ አንድ ሆነዋል። ጌታ ግን አታስቡ አላለም። እንዲያውም በማቴዎስ 6 ላይ ወፎቹን እዩ፣ የሜዳውን አበባ ልብ በሉ እያለ እንድናስብ ያደርገናል። ስለዚህ በእጇ ያለችውን 500 ሺሊንግ ለዱቄት፣ ለከሰልና ለልጅ ደብተር የምታከፋፍል እናት ኃጢአት እየሠራች አይደለም። ሒሳብ መሥራት አለማመን አይደለም። ጭንቀት የሚሆነው ሐሳቡ መድረሻ ሲያጣ ነው። ያንኑ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ስናገላብጠው አድረን፣ ሲነጋ ምንም ሳይጨመርበት ሳይቀነስበት እዚያው ስናገኘው ነው። ጌታም ያሳሰበን ይህንኑ ነው፤ በመጨነቁ ዕድሜውን ያስረዘመ ሰው የለም።

ደግሞ ጭንቅ ያገኘው ሁሉ እምነት የጎደለው አይደለም። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ አዝና ነበር። ላቡ እንደ ደም ጠብታ ወደ ምድር ይወርድ እንደነበር ሉቃስ ጽፎልናል። በዚያች ሌሊት ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ወስዶ አብረውት እንዲተጉ ለመናቸው። እነሱ ግን ተኙ። ወገኖቼ፣ ይህን ልብ እንበል፦ የእግዚአብሔር ልጅ በጨነቀው ሰዓት ሰው አጠገቡ እንዲሆን ፈለገ። ታድያ እኛን «ብቻህን ቻለው» ያለን ማነው?

ነቢዩን ኤልያስንም እንመልከት። በ1ኛ ነገሥት 19 ላይ ኤልዛቤል ልትገድለው ስትዝት ነፍሱን ለማዳን ሸሸ። ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከዚያ በምድረ በዳ የአንድ ቀን መንገድ ሄዶ፣ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። ይህ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ያስወረደ ሰው ነው። እግዚአብሔር ምን አደረገለት? መልአክ ልኮ በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውሃ ሰጠው። በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ። መልአኩ ደግሞ ቀስቅሶ አበላው፤ ምክንያቱም መንገዱ ገና ሩቅ ነበረ። «አንተ ነቢይ ሆነህ እንዴት እንዲህ ትላለህ?» የሚል ተግሣጽ በዚያ ዛፍ ሥር አንድም አልተሰማም። ትምህርቱ የመጣው በኋላ፣ በኮሬብ ተራራ ነው። መጀመሪያ የመጣው ምግብ፣ ውሃና እንቅልፍ ነው።

በመካከላችንም እንደ ኤልያስ የደከመው አለ። ኬዙ የተዘጋበት ወንድም፣ ልጇን በመንገድ የቀበረች እኅት «መኖር ሰለቸኝ» ሲሉ እንሰማለን። እንዲህ ያለ ቃል ስትሰሙ ጥቅስ ለመፈለግ አትቸኩሉ። ሻይ አፍሉላቸው። ብቻቸውን አትተዉአቸው፤ አብራችሁ እደሩ። ሲነጋ ወደ ጤና ጣቢያ አብራችሁ ሂዱ። ይህን ማድረግ ጸሎትን መተው አይደለም። ያ መልአክ እንጎቻ ይዞ የመጣው ከእግዚአብሔር ዘንድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መጽሐፍ ቅዱስ ያለው ሰው ማቴዎስ 6ን ይክፈትና ይይ። ጌታ ያለው «አትጨነቅ» አይደለም፤ «አትጨነቁ» ነው ያለው። በነጠላ ሳይሆን በብዙ ቁጥር ነው። በዚያው ምዕራፍ ባስተማረን ጸሎትም «እንጀራዬን» ብለን አንለምንም፤ «እንጀራችንን» ነው የምንለው። ይህን ጸሎት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንለው ስለኖርን ቃሉ አልፎን ይሄዳል። ነገር ግን ትልቅ ነገር አለበት። አንድ ሰው ብቻውን ቤቱ ተቀምጦ አለመጨነቅ አልታዘዘም። አለመጨነቅ የታዘዘው ለጉባኤው ነው። የጎረቤቴ ማድጋ ባዶ ሆኖ እኔ «እንጀራችንን ስጠን» ብዬ ስጸልይ፣ ስለ እሱም እንጀራ እየለመንኩ ነው። እግዚአብሔር ለሁለታችን የሚሆነውን በእኔ እጅ ልኮት ቢሆንስ? ያኔ የእሱ ጸሎት መልስ እኔ ቤት ተቀምጧል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልቡ ይከፈላል። «ዛሬ ካካፈልኩ የሚመጣው ወር ምን ይሆናል? ማስቀመጥ ኃጢአት ነው እንዴ?» ይላል። አይደለም። ዮሴፍ በግብፅ ሰባት ዓመት እህል አከማችቷል፤ እግዚአብሔርም ነው ያሳየው። በሉቃስ 12 ላይ ያለው ባለጠጋም አከማችቷል፤ እሱ ግን ሰነፍ ተባለ። ሁለቱም ጎተራ ነበራቸው። ልዩነታቸው ምንድነው? ባለጠጋው የሚነጋገረው ከራሱ ጋር ብቻ ነው። ፍሬዬ፣ ጎተራዬ፣ ነፍሴ ይላል። በታሪኩ ውስጥ ሌላ ሰው የለም፤ ጎረቤት የለም፣ ሠራተኛ የለም፣ ልጅ እንኳ አልተጠቀሰም። ዮሴፍ ግን ረሃቡ ሲመጣ ጎተራውን ከፈተ። ግብፃውያን ከእሱ ገዝተው በሉ፤ ከከነዓን የመጡት፣ እሱን የሸጡት ወንድሞቹ ሳይቀሩ እህል አገኙ። ስለዚህ ስናስቀምጥ ራሳችንን የምንጠይቀው ይህን ነው፦ ያስቀመጥኩት ነገር ችግረኛ ሲመጣ የሚከፈት በር አለው ወይ?

ሰው መልሶ «ልጆቼስ?» ይላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የራሱን ቤተሰብ የማያስብ ሰው እምነትን እንደ ካደ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ጽፏል። ልጅህን አስርበህ ለሌላ ስጥ የሚል ትእዛዝ የለም። በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች መዋጮ ሲጠይቅ፣ ሌላው እንዲያርፍ እናንተ ተጨነቁ እንደማይል ገልጾ፣ የሚፈልገው እኩልነት እንደሆነ ያስረዳል። ዛሬ የእናንተ ትርፍ የእነሱን ጉድለት ይሞላል፤ ነገ ደግሞ የእነሱ የእናንተን ይሞላል። ምሳሌ አድርጎ ያመጣውም መናን ነው። በዘጸአት 16 ላይ ብዙ የለቀመው አልተረፈውም፣ ጥቂት የለቀመውም አልጎደለበትም። እግዚአብሔር ሕዝቡን በምድረ በዳ ካስተማራቸው ትምህርቶች አንዱ ይህ ነው። ለነገ ብለው የደበቁት ግን ተልቶ ሸተተ።

ወገኖቼ፣ ይህን ትምህርት እኛ ሐበሾች አናውቀውም? ዕቁብ የጣልነው፣ ዕድር ያቋቋምነው ለምንድነው? አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያሉት ይህን አይተው ነው። ነገር ግን ዕድራችን የአገራችንን ልጅ ብቻ እንዳያውቅ እንጠንቀቅ። የኮንጎው፣ የሱዳኑ፣ የሶማሌው ጎረቤታችንም ያው አንድ ፀሐይ ነው የሚመታው። ማገዶ ተሸክማ በማሽላ ልትለውጥ በራችን የምትመጣውን የቱርካና እናትም አንርሳ። የእኛ ራሽን ሲቀነስ የእሷም ቤት ይጎድላል፤ ስሟ ግን በማንም ዝርዝር ላይ የለም።

በ1ኛ ነገሥት 17 ላይ ኤልያስ ወንዙ ሲደርቅበት ተሰድዶ ሰራፕታ ገባ። በከተማው በር ያገኛት መበለት እንጨት እየለቀመች ነበር። ያላት በማድጋ እፍኝ ዱቄት፣ በማሰሮ ጥቂት ዘይት ነው። እሱን ጋግራ ከልጇ ጋር ልትበላና ልትሞት ነው ሐሳቧ። እግዚአብሔር ስደተኛውን ወደ ባለጠጋ ቤት አልላከውም፤ የጨነቃትን ሴት ወደ ጨነቀው ሰው አገናኘ። ይህን ቦታ እኛ አገልጋዮች በፍርሃት እናንብበው። ከድሃ ላይ የመጨረሻዋን ሺሊንግ ለመቀበል ማስረጃ አይደለም። ኤልያስ የለመናትን ከእሷ ጋር በአንድ ማድጋ በላ፤ ወስዶባት አልሄደም።

ደግሞ ተአምሩን በደንብ እንየው። መጽሐፉ ማድጋው ሞልቶ ፈሰሰ አይልም። ዱቄቱ አላለቀም ነው የሚለው። ያቺ ሴት ምናልባት በየማለዳው ማድጋውን ስትከፍት የምታየው ያንኑ ጥቂት ነው። ግን ትጋግራለች፣ ሦስቱም ይበላሉ፣ ይመሻል፣ ይነጋል። ብዙ ጊዜ የእኛም እምነት እንዲህ ነው። የሚመጣውን ዓመት አናይም። የዛሬውን እናያለን፤ ማዕዱን አብሮን የሚቀርበውንም እናያለን።

እርግጥ ሁሉንም ጭንቀት በማካፈል አንፈታውም። የተዘጋ ኬዝ በእኛ እጅ አይከፈትም። የጠፋ ልጅ በሻይ አይገኝም። ቢሆንም ከጭንቀቱ ላይ አንድ ነገር ማንሳት እንችላለን፤ ብቸኝነቱን። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ ካርዱ ምንም የማያስገኝለትን አንድ ጎረቤት ለይተን እንወቅና አንድ ቀን አብረን እንብላ። ሁለተኛ፣ ቢሮ ተቀጥሮ የሚሄድ ሰው ካለ ብቻውን አይሂድ፤ አንዳችን አብረነው ወረፋ እንቁም፣ ሌላችን ልጆቹን እንጠብቅ። ሦስተኛ፣ የጨነቀን እኛ ከሆንን ደብቀን አንያዘው። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን ከማለፍ አንዱን ወንድም ወይም አንዷን እኅት ቁጭ አድርገን እንንገር። ጌታ ራሱ ለሦስቱ ነግሯቸዋል።

በር ላይ ለሚጠይቀኝ ሰው የምመልሰው እንግዲህ ይህ ነው። መጨነቅህ እምነት የለህም ማለት አይደለም። ብቻህን እንድትጨነቅ ከተውንህ ግን እኛ ነን ቃሉን ያልጠበቅነው።

አባት ሆይ፣ የሁላችንን እንጀራ በየእጃችን እንዳስቀመጥክ አሳየን። የሚተኛውን ደቀ መዝሙር ቀስቅስ፤ ለማይተኛው ዕረፍት ስጥ። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።