በጎ ሥራ በመዝገብ ይቆጠራልን?

ለወጣት ጠባይን ማስተማር ፊደል ከማስቆጠር ይከብዳል። ፊደል በሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ጠባይ ግን የሚታወቀው በኑሮ ነው። የስካውት ትምህርት የቆመው በዚሁ አሳብ ላይ ነው። መሥራቹ ባደን ፓወል በ1899 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፥ በብራውንሲ ደሴት፥ ሃያ ያህል ልጆችን በትንንሽ ቡድን ከፍሎ ለየቡድኑ ከልጆቹ አንዱን አለቃ አደረገ። ኃላፊነት የሚለመደው በመሸከም ነውና። በአገራችንም ስካውት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በትምህርት ቤቶች ታውቆ፥ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ተቋርጦ፥ እንደ ገና ተቋቁሟል።

ከስካውት ልማዶች አንዱ በየዕለቱ አንድ በጎ ሥራ መሥራት ነው። እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሣል። መምህሩ በጎውን ሥራ በመዝገብ ጽፎ፥ በነጥብ መዝኖ፥ በምልክት ቢሸልም፥ ልጁ የሚወደው በጎነትን ነው ወይስ ምልክቱን?

በልደታ የሚኖሩ ሁለት ተማሪዎችን በአሳባችን እናቁም። አንደኛው ግንቦት 1 ቀን፥ በልደታ ለማርያም በዓል፥ ሕዝብ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ በተሰበሰበ ጊዜ፥ መምህሩ እያየው አንዲት አሮጊት መንገድ ያሻግራል። ሁለተኛው በተራ ቀን ወደ ልምምድ ሲሄድ፥ በጋራ መኖሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ ጀሪካን ውሃ ተሸክመው የደከሙ አንዲት ጎረቤቱን ያገኛል። ውሃውን እስከ አራተኛው ፎቅ አድርሶላቸው ሲመጣ ሰዓቱ አልፏል። መዝገቡ ለፊተኛው ነጥብ ይጨምራል፤ ከኋለኛው ይቀንሳል። አሮጌው ሠፈር ፈርሶ ብዙ ጎረቤት በተለያየበት በልደታ፥ ይልቁን የሚያስፈልገን የትኛው ልጅ ነው?

መዝገብ ይቅር ማለታችን አይደለም። ሰዓት ማክበርም ጠባይ ነው፤ ሥርዓት የሌለው ማኅበር ይበተናል። ለጀማሪም ምስጋና ብርታት ይሆነዋል። ነገር ግን መምህር የሚመዘገበውን ከማይመዘገበው ይለይ። የገመድ አስተሳሰርን፥ የመጀመሪያ እርዳታን፥ ሰዓት አክባሪነትን ይመዝግብ፤ ርኅራኄን ግን በነጥብ አይመዝን። የዘገየውንም ልጅ ከመቅጣቱ በፊት ምክንያቱን ይጠይቅ። በትምህርት የደከመውን ተማሪ ማስጠናትንም ለቡድኑ አለቃ ይተውለት፤ የሚያስጠና ልጅ ራሱም ይማራልና።

የአንድ ትምህርት ቤት የስካውት ሥራ መልካም መሆኑ በሰልፉ ማማር ብቻ አይታወቅም። መምህሩ በሌለበት፥ መዝገቡም በተዘጋበት ሰዓት፥ ልጁ የደከመውን ሰው ሸክም ያነሣ እንደ ሆነ፥ ያን ጊዜ ትምህርቱ ሠምሯል እንላለን።