ነቅሎ መትከል ለማን ሲባል?

በቦሩ ሜዳ ደጋ ላይ የጎማ ዛፍን በቤት ውስጥ ማሳደግ ትዕግሥት ይጠይቃል። የዚህ ተክል የትውልድ ስፍራ የህንድና የደቡብ ምሥራቅ እስያ ሞቃታማ ጫካ ነው፤ በዚያ ግዙፍ ዛፍ ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን በዘይት ቆርቆሮ ወይም በሸክላ ማሰሮ ተተክሎ፣ መስኮት ሥር ቆሞ፣ ከኅዳርና ከታኅሣሥ ውርጭ ተሸሽጎ ይኖራል። በራሱ እግር አልመጣም፤ አምጥተን ያኖርነው እኛ ነን። ስለዚህ ዕዳው የእኛ ነው። ከዕዳዎቹም አንዱ ሥሩ ቆርቆሮውን ሲሞላ ሰፋ ወዳለ ማሰሮ ማዛወር ነው።

ምልክቱ አይጠፋም። ሥሩ በቆርቆሮው ቀዳዳ ብቅ ይላል፤ ውኃው ሳይሰርግ በጎን ይወርዳል፤ አዲስ ቅጠል ይጠፋል። አዋቂው አትክልተኛ ግን አይቸኩልም። ብርዱ እስኪያልፍ ይጠብቃል። አዲሱን ማሰሮ ከቀድሞው በሁለት ሦስት ጣት ብቻ አስፍቶ ይመርጣል፤ ሥር ያልደረሰበት ብዙ አፈር ውኃ አቁሮ ሥሩን ያበሰብሳልና። የቀድሞውን አፈር ከሥሩ ላይ ጨርሶ አያራግፍም። ተክሉ ለጥቂት ሳምንታት ቢጠወልግም ጥላ እየሰጠ፣ በመጠኑ እያጠጣ አጠገቡ ይቆያል።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ የሚደረገው ለማን ሲባል ነው? ለተክሉ እንላለን። ተክሉ ግን አልተጠየቀም፤ ሊጠየቅም አይችልም። እኛም ብንሆን ሳሎናችን እንዲያምርልን እንፈልጋለን። ጥቅማችንና ጥቅሙ ስለገጠመ ጥያቄው አይጎረብጠንም። ዝምታውን እንደ ፈቃድ እንቆጥረዋለን፤ ከተክል ጋር ሌላ መነጋገሪያ የለንምና። አደጋው የሚመጣው ይህንኑ ልማድ ወደ ሰው ስናሻግረው ነው።

ቦሩ ሜዳ ይህን አደጋ ከጥንት ታውቀዋለች። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት፣ እዚሁ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው የሃይማኖቱን ክርክር በአንድ ውሳኔ ዘጉ። የወሎ ሙስሊሞችም ክርስትናን እንዲቀበሉ ታዘዙ። መሐመድ አሊ፣ ሚካኤል ተብለው ተጠመቁ፤ በኋላም ለንጉሥነት በቁ። ሼህ ጦልሃ ግን እምቢ ብለው አመፅ መሩ። የንጉሠ ነገሥቱ ሐሳብ አገርን አንድ ማድረግ ነበር፤ በእርሳቸው ዐይን ይህ በጎ ሥራ ነው። ሆኖም የእምነት ሥር በዐዋጅ አይዛወርም። ዛሬም በወሎ የመስጊዱና የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ በአንድ ሰማይ ሥር ይሰማል።

ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ነቀላ መጣ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል አሰፈረ። የሚበዛው የወሎ ሰው ነበር። የደጋው መሬት ተሟጧል፣ የምዕራቡ ለም ነው የሚለው ምክንያት ከባዶ የተፈጠረ አልነበረም። የተራበን ሰው ባለበት ይሙት ማለትም ግፍ ነው። ወደው የሄዱ፣ ሄደውም ልጅ ለቁም ነገር ያበቁ አሉ። ነገር ግን ብዙዎች ተገደው ተጫኑ፤ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ተለያዩ፤ የደጋው ሰው በቆላ ወባ ረገፈ። አዲሱ ማሰሮም ባዶ አልነበረም፤ መሬቱ ነባር ባለቤቶች ነበሩት። እነርሱንም የጠየቃቸው የለም።

አሳፋሪዎቹ ከሥልጣን ወረዱ፤ ያሰፈሩት ሰው ግን እዚያው ቀረ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲገደሉ፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ የእነዚያ ሰፋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩ። የግድያው ኃጢአት የገዳዮቹ ነው፤ ሰፈራው ማመካኛ ሊሆናቸው አይችልም። ከወለጋ ሸሽተው ደቡብ ወሎ የደረሱት ግን አያቶቻቸው በተነሡበት ምድር ላይ ተፈናቃይ ተብለው በመጠለያ ተቀመጡ። እንግዲህ አገራችሁ የት ነው ቢባሉ ምን ይመልሱ?

ሰውን ከሞት ምድር ማውጣት ፈጽሞ አይገባም የሚል ክርክር የለኝም። ከአትክልተኛው ልንማር የሚገባን አለ፤ ጊዜ መጠበቅን፣ መጠን ማወቅን፣ ካዛወሩ በኋላ ጥሎ አለመሄድን። ልንማር የማይገባን አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ዝምታን እንደ ፈቃድ መቁጠርን። ሰው አፍ አለው፤ እሺም እምቢም ይላል። ተነሥ የሚባለውም፣ ተቀበል የሚባለውም ሊጠየቁ ይገባል። ይህን ያላደረገ፣ ሐሳቡ የቱን ያህል በጎ ቢሆን፣ ሰውን እንደ ዕቃ አንሥቶ ከማስቀመጥ አላለፈም።